አትላንቲክን በመርከብ መሻገር፦ ለመጀመሪያ ጊዜ ለሚሳፈር ሰው

ከእንግሊዝ ሳውዝሃምፕተን ተነስቶ ኒውዮርክ ለመድረስ በመርከብ ሰባት ሌሊት ይፈጃል። አውሮፕላን ይህንኑ ባሕር በስምንት ሰዓት ገደማ ያቋርጠዋል። «ታዲያ ሳምንት ሙሉ ውሃ ላይ ምን ትሠራለህ?» የሚለኝ ሰው ብዙ ነው። መንገዱን ሁለት ጊዜ ሄጄበታለሁ፤ ሦስተኛውን እያሰብኩ ነው። ሻዩም፣ የራት ልብሱም፣ ጡሩምባውም፣ ብርድ ልብሱም ከሜዳ የመጡ አይደሉም። አብዛኛው የመርከብ ልማድ ድሮ የሆነ ሥራ ነበረው። ያንን ሥራውን አውቆ የተሳፈረ ሰው ሳምንቱ አይረዝምበትም፤ እንዲያውም ያጥርበታል።

1. መርከቡን ምረጡ

በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን እንለይ። ላይነር የሚባለው አየሩ ቢከፋም ቢለማም በተቆረጠ ቀን ከአንድ ወደብ ተነስቶ ውቅያኖስ ተሻግሮ ሌላ ወደብ ሰው የሚያደርስ መርከብ ነው። ክሩዝ የሚባለው ደግሞ ከወደብ ወደብ እየዞረ የሚያዝናና ነው። ልዩነቱ ቁመናቸው ላይ ይታያል። የላይነር አፍንጫ ረጅምና ሹል ነው። ብረቱ ወፍራም ነው። ሆዱ ውሃ ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይቀመጣል። የነፍስ አድን ጀልባዎቹም ማዕበል እንዳያገኛቸው ከፍ ብለው ይሰቀላሉ።

ዛሬ አትላንቲክን በመደበኛ ፕሮግራም የምትመላለሰው አንዲት ላይነር ብቻ ናት፤ የኩናርድ ኩባንያዋ ኩዊን ሜሪ 2። ፈረንሳይ ሴንት ናዜር ውስጥ ተሠርታ እ.ኤ.አ. በጥር 2004 ሥራ ጀመረች። ርዝመቷ 345 ሜትር ነው። ከፈለገች በሰዓት ከ50 ኪሎ ሜትር በላይ መሮጥ ትችላለች፤ ግን አትሮጥም። የሩጫው ዘመን አልፏል። እ.ኤ.አ. በ1952 ዩናይትድ ስቴትስ የተባለችው መርከብ በ3 ቀን ከ10 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ተሻግራ ሪከርድ ሰብራ ነበር። ያኔ ሰው የሚከፍለው ቶሎ ለመድረስ ነበር። ዛሬ የሚከፍለው ቀስ ብሎ ለመሄድ ነው።

ዋጋው ከከበዳችሁ ሌላ መንገድ አለ። የክሩዝ መርከቦች በጸደይ ከካሪቢያን ወደ ሜዲትራኒያን፣ በመከር ደግሞ ወደ ኋላ ይመለሳሉ። መርከቦቹ የግድ መሻገር ስላለባቸው የዚያ ጉዞ ቲኬት ብዙ ጊዜ ረከስ ይላል። ቀኑ ይበዛል፤ መንገድ ላይ እንደ ማዴይራ ወይም አዞረስ ያሉ ደሴቶች ላይ ሊቆምም ይችላል።

ገና ልባችሁ ካልቆረጠ ደግሞ ወደብ ላይ የታሰረች መርከብ ውስጥ አንድ ሌሊት እደሩ። የመጀመሪያዋ ኩዊን ሜሪ ከእ.ኤ.አ. 1967 ጀምሮ ካሊፎርኒያ ሎንግ ቢች ላይ ቆማለች። ኩዊን ኤልዛቤት 2 ዱባይ ውስጥ፣ ሮተርዳም ደግሞ በስሟ በምትጠራው ከተማ ውስጥ ሆቴል ሆነዋል። የእንጨቱ ሽታና የኮሪደሩ ርዝመት ብቻውን ብዙ ይነግራችኋል።

2. አቅጣጫውንና ወሩን ወስኑ

ለመጀመሪያ ጊዜ ከሆነ ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ ሂዱ። በእንግሊዝና በኒውዮርክ መካከል የአምስት ሰዓት ልዩነት አለ። ወደ ምዕራብ ስትሄዱ በአምስት ሌሊቶች ሰዓታችሁ አንድ አንድ ሰዓት ወደ ኋላ ይመለሳል። ማለትም አምስት ጊዜ 25 ሰዓት ያለው ቀን ታገኛላችሁ። ማታ ስትተኙ አልጋው ላይ አንድ ሰዓት በነጻ ይጨመርላችኋል። ኒውዮርክ ስትደርሱ ሰውነታችሁ ከከተማዋ ሰዓት ጋር ተስማምቷል፤ አውሮፕላን የሚያመጣው መፍዘዝ የለም። ወደ ምሥራቅ ሲሆን ግን ቀኑ 23 ሰዓት ይሆናል፤ ሰዓቱም ብዙውን ጊዜ የሚቀየረው እኩለ ቀን ላይ ነው። ምሳ በልታችሁ ቀና ስትሉ ከሰዓቱ ተበልቶ ታገኙታላችሁ።

ከግንቦት እስከ መስከረም ባሕሩ በአብዛኛው ይረጋጋል። የፈረንጆቹ ክረምት፣ ማለትም ከታኅሣሥ እስከ የካቲት ያለው ጊዜ፣ ኃይለኛ ነው። ማዕበል ማየት የሚወድ አለ፤ ለመጀመሪያ ጊዜ ግን አልመክርም። በረጋው ወራትም ቢሆን ካናዳ ዳርቻ ስትቃረቡ ጉም ሊጠብቃችሁ ይችላል።

3. ክፍላችሁን አስቡበት

መርከብ እንደ ሚዛን ነው። ጫፍና ጫፉ ከፍ ዝቅ ይላል፤ መሃሉ ብዙም አይነቃነቅም። ስለዚህ ከመርከቡ መሃል፣ ከታችኛው ደርብ ክፍል ጠይቁ። ብዙ ሰው ከፍ ያለውን ክፍል ይመርጣል፤ ከፍ ባላችሁ ቁጥር ግን መወዛወዙ ይጨምራል።

በረንዳ ያለው ክፍል ውድ ነው። በዚህ ባሕር ላይ ደግሞ ንፋሱ በረንዳው ላይ ላያስቀምጣችሁ ይችላል። ገንዘብ መቆጠብ ካለባችሁ በረንዳውን ተዉት። መስኮት የሌለው ክፍል ለእንቅልፍ ግሩም ነው፤ ቀኑን የምታሳልፉት ውጭ ነውና።

4. ወረቀትና መድኃኒት

በባሕር መግባት ቪዛ አያስቀርም። የምትነሱበትም የምትደርሱበትም አገር የሚጠይቀውን ቀድማችሁ አጣሩ። ሕክምናን የሚሸፍን የጉዞ ዋስትና ግዙ። መርከቡ ሐኪም አለው፤ ክፍያው ግን ለብቻው ነው። ውቅያኖሱ መሃል ደግሞ ሄሊኮፕተር የማይደርስበት ቦታ አለ።

5. ሻንጣ

ድሮ መንገደኛ ትልልቅ የእንጨት ሳጥን ይዞ ይመጣ ነበር። ሳጥኖቹ ላይ ወረቀት ይለጠፋል። አንዱ «በጉዞ ላይ የሚፈለግ» ይላል፤ ወደ ክፍሉ ይሄዳል። ሌላው «የማይፈለግ» ይላል፤ እስከ መድረሻው ድረስ ከመርከቡ ሆድ አይወጣም። ዛሬም ቢሆን ሻንጣችሁን ወደብ ላይ አስረክባችሁ ክፍላችሁ በር ላይ የምታገኙት ዘግይታችሁ ነው። መድኃኒት፣ ፓስፖርትና ሹራብ በእጅ ቦርሳ ይዛችሁ ግቡ።

በሰባት ሌሊት ውስጥ ሁለት ያህል የክብር ምሽቶች ይኖራሉ። ወንድ ጥቁር ሙሉ ልብስ፣ ሴት የማታ ቀሚስ ትለብሳለች። «ይሄ ሁሉ ለምን?» እንዳትሉ። ባሕር ላይ ቀኖች ይመሳሰላሉ። ሐሙስ ከዓርብ የሚለየው በምትለብሱት ልብስ ነው። አንድ ጥሩ ሙሉ ልብስና ሁለት ሸሚዝ ይበቃል። ከእሱ ይበልጥ የሚያስፈልጋችሁ ንፋስ የማያስገባ ካፖርትና የማያንሸራትት ጫማ ነው።

6. የተሳፈራችሁ ዕለት

መጀመሪያ የአደጋ ጊዜ ልምምድ አለ። ሰባት አጭር፣ አንድ ረጅም ድምፅ ስትሰሙ ወደ መሰብሰቢያችሁ መሄድ እንዳለባችሁ ትማራላችሁ። ይህን በስልካችሁ እየተጫወታችሁ አትለፉት። ታይታኒክ እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 10 ቀን 1912 ከዚሁ ከሳውዝሃምፕተን ስትነሳ የነፍስ አድን ጀልባዎቿ የሚይዙት 1,178 ሰው ብቻ ነበር። ስትሰጥም ግን ከ2,200 በላይ ሰው ነበረባት። ዛሬ የሁሉም ሰው ቦታ የተቆጠረው፣ ልምምዱም ሕግ የሆነው ከዚያ ሐዘን በኋላ ነው።

ከዚያ ሻንጣ መፍታቱን ትታችሁ ወደ ላይ ውጡ። ድሮ መርከብ ሲነሳ ተሳፋሪው ባለ ቀለም የወረቀት ጥብጣብ ወደ ምድር ይወረውር ነበር። አንዱን ጫፍ እሱ ይይዛል፣ ሌላውን ሸኚው። መርከቡ ሲርቅ ጥብጣቡ ይወጠርና ይበጠሳል። መሰነባበት ማለት እሱ ነበር። ዛሬ ለባሕሩ ሲባል ወረቀት አይጣልም፤ ጡሩምባው ግን አለ። ከኩዊን ሜሪ 2 ጡሩምባዎች አንዱ ከመጀመሪያዋ ኩዊን ሜሪ ላይ የመጣ ነው። 16 ኪሎ ሜትር ርቀት ላይ ይሰማል ይባላል። እኔ ግን ስለ ርቀቱ አላሰብኩም። ድምፁ በጆሮዬ አልገባም፤ የያዝኩት የእንጨት መደገፊያ ነዘረና በእጄ በኩል ደረቴ ውስጥ ገባ። አጠገቤ የቆመች ሕፃን አፏን ከፍታ እናቷን ታያለች። ሁለተኛው ሲነፋ ሳቀች።

7. የባሕሩ ቀን እንዴት ይዋላል

ይህን ክፍል በደንብ አንብቡት፤ የሚሰለቸው ሰው የሚሰለቸው እዚህ ነውና። ምስጢሩ ቀኑን በቋሚ ሰዓቶች መከፋፈል ነው።

ጠዋት የኩዊን ሜሪ 2 ሰባተኛው ደርብ ላይ ተራመዱ። መርከቡን ዙሪያውን የሚከብ የእንጨት መንገድ አለ። ሦስት ዙር 1.8 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። በሩ ከባድ ነው፤ በትከሻችሁ ግፉት። በአንዱ ጎን ንፋሱ ከኋላ ይገፋችኋል፤ ዞራችሁ በሌላው ጎን ስትመጡ ኮታችሁን ይነጥቃችኋል። በሁለተኛው ቀን ከአንድ መንገደኛ ጋር አምስት ጊዜ ትተላለፋላችሁ። በሦስተኛው ቀን ሰላም ትባባላላችሁ። በአራተኛው ቀን አብራችሁ ትራመዳላችሁ። የመርከብ ወዳጅነት የሚጀምረው እንዲህ ነው።

ከረፋዱ 5 ሰዓት ላይ የድሮ ላይነሮች ትኩስ የሥጋ ሾርባ በሲኒ ያዞሩ ነበር። ሰው ረጅሙ የእንጨት ወንበር ላይ ጋደም ብሎ፣ እግሩ በወፍራም ብርድ ልብስ ተጠቅልሎ ይጠጣል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። የሰሜን አትላንቲክ ብርድ አጥንት ይገባል፤ ክፍል ውስጥ መዋል ደግሞ ያቅለሸልሻል። ንጹሕ አየር ላይ ለመቆየት ብርድ ልብስና ሾርባ ያስፈልጋል። ሾርባው ካለ አትለፉት። ከሌለም ሻይ ይዛችሁ ውጡና ብርድ ልብሱን ጠይቁ። ከመርከብ ደስታዎች ሁሉ አንዱን ምረጥ ብትሉኝ ይህን ነው የምመርጠው።

እኩለ ቀን ላይ ካፒቴኑ በድምፅ ማጉያ ይናገራል። የት እንዳላችሁ፣ ንፋሱ ምን ያህል እንደሆነ፣ ከእናንተ በታች ስንት ሜትር ውሃ እንዳለ ይነግራችኋል። ድሮ የመርከብ መኮንኖች ቦታቸውን የሚያውቁት እኩለ ቀን ላይ ፀሐይን ለክተው ስለነበር ነው ሰዓቱ የተመረጠው። ትንሽ ደብተር ያዙና በየቀኑ ጻፉት። ታይታኒክ ወደ ሰጠመችበት አካባቢ ስትቃረቡ ያ ቁጥር ሌላ ትርጉም ያገኛል። እሷ 3,800 ሜትር ገደማ ጥልቀት ላይ ተኝታለች።

ከቀኑ 9 ሰዓት ተኩል ላይ ነጭ ጓንት ያጠለቁ አስተናጋጆች ሻይ ያቀርባሉ፤ ሙዚቃም አለ። ቀደም ብላችሁ ካልሄዳችሁ ወንበር አታገኙም። ቤተ መጻሕፍቱንም አትርሱ፤ ከፊት በኩል ባሕሩን እያየ የሚነበብበት ቦታ አለ።

አንድ ነገር ልጨምር፤ በጣም ስለምወደው። በዚች መርከብ ላይ ውሾች ይሳፈራሉ። 24 ማደሪያ አላቸው። ለእነሱ ተብሎ አንድ የእንግሊዝ የመንገድ መብራት ምሰሶና አንድ የአሜሪካ የእሳት አደጋ ውሃ መቅጃ ደርቡ ላይ ተተክሏል፤ የሁለቱም አገር ውሻ እንደለመደው እንዲጠቀም። እንስሳ መጫን በኩናርድ ዱሮም ነበር። የመጀመሪያዋ መርከባቸው ብሪታኒያ እ.ኤ.አ. በሐምሌ 1840 ከሊቨርፑል ስትነሳ ለተሳፋሪው ወተት የምትሰጥ ላም ይዛ ነበር።

8. ቢያቅለሸልሻችሁ

ሳይጀምራችሁ መድኃኒቱን ውሰዱ፤ ከጀመረ በኋላ ብዙ አይረዳም። የትኛው እንደሚስማማችሁ ሐኪም ጠይቁ። ባዶ ሆድ አትሁኑ፤ ደረቅ ብስኩት፣ ፖም፣ ዝንጅብል ጥሩ ነው። ወደ መርከቡ መሃል ሂዱ ወይም ውጭ ወጥታችሁ አድማሱን እዩ። ስልክ ላይ አታንብቡ። አብዛኛው ሰው በሁለተኛው ቀን ይለምደዋል።

9. ራት ላይ

ትልቅ ገበታ ጠይቁ። ሁለት ሰው ብቻ የሚቀመጥበት ጠረጴዛ ለባልና ሚስት ያምራል፤ ግን ሰው አያስተዋውቅም። ለስድስት ወይም ለስምንት በሚሆነው ገበታ ላይ በየማታው ያንኑ ሰው ታገኛላችሁ። በመጀመሪያው ማታ ስለ አየር ታወራላችሁ። በመጨረሻው ማታ አንዱ የሚሄደው ልጁን ሊያይ እንደሆነ፣ ሌላው ሚስቱ ከሞተች ወዲህ የመጀመሪያ ጉዞው እንደሆነ ይነግራችኋል።

10. የመድረሻው ሌሊት

ማንቂያ ሙሉ። ከሌሊቱ 10 ሰዓት ላይ ተነሱ፣ ካፖርታችሁን ደርቡና ከሁሉም በላይ ወዳለው ክፍት ደርብ ውጡ። ቦታ ቀድማችሁ ያዙ።

መርከቧ ወደ ኒውዮርክ ወደብ የምትገባው በቬራዛኖ ድልድይ ስር ነው። የጭስ ማውጫዋ ከቁመናዋ አጠር ያለው ለዚህ ድልድይ ሲባል ነው። ከታች ሆናችሁ ስታዩት አያልፍም ትላላችሁ። የድልድዩ መብራት እየቀረበ፣ እየወረደ ይመጣል። እኔ የነበርኩ ጊዜ መቶ የሚሆን ሰው ቆሞ አንድም የሚያወራ አልነበረም። የመኪኖቹ ጎማ ብረቱን ሲረግጥ ከአናታችን በላይ ተሰማ። የጭስ ማውጫው ከድልድዩ ስር ገባ፤ ጥቂት ሜትሮች ቀርተውት በሌላኛው በኩል ወጣ። ሰው ሁሉ በአንድ ላይ ተነፈሰ።

ከዚያ ወደ ግራ ዞራችሁ ጠብቁ። በጨለማው ውስጥ መጀመሪያ የሚታየው ችቦው ነው፤ ቀጥሎ የነጻነት ሐውልቷ። ከእሷ አለፍ ብሎ ኤሊስ ደሴት አለ፤ ከእ.ኤ.አ. 1892 እስከ 1954 ድረስ 12 ሚሊዮን ያህል ስደተኛ ያለፈባት። አጠገቤ አንድ ሽማግሌ ቆመው ነበር። ኮፍያቸውን አወለቁ። «አያቴ በዚህ ነው የገባው» አሉኝ፣ ዓይናቸውን ከደሴቷ ሳያነሱ። ጎታች ጀልባዎቹ ጎናችን ደርሰው ወደ ብሩክሊን እስኪያዞሩን ድረስ ኮፍያውን መልሰው አላደረጉም።