የጥናት ኅብረትን የሚያውክ ሰው እንዴት ይያዛል

ስምንት ሰው ቤት ውስጥ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስ ሲያጠና አንዱ ሰዓቱን ሁሉ ቢወስደው የሚጎዳው ዝም ያለው ነው። ተናጋሪው በሚቀጥለው ሳምንትም ይመጣል። ጥግ ላይ የተቀመጠችው እህት ግን «ሥራ በዛብኝ» ብላ ትቀራለች፤ ለምን እንደቀረችም አትናገርም። ደግሞ ደሴም ሆነ ወልዲያ፣ ሰው ፊት የተነቀፈ አባወራ ብቻውን አይኮርፍም፤ ሚስቱንም ልጆቹንም ይዞ ነው የሚቀረው። አስጠኚ ሁለቱንም ማትረፍ አለበት። ለዚህ የሚሆነው ሥራ ደግሞ አብዛኛው ከጥናቱ ሰዓት ውጭ የሚሠራ ነው።

ከመሰብሰባችሁ በፊት

«አስቸጋሪ ሰው» የምንለውን ብዙ ጊዜ የወለደው የጥናቱ አደረጃጀት ነው። ከ12 ሰው በላይ ከሆናችሁ ለሁለት ተከፈሉ። ጠቅላላ ሰዓቱ 75 ደቂቃ ይበቃል፦ ለመዝሙርና ለሰላምታ 10፣ ለንባብ 15፣ ለውይይት 35፣ ለጸሎት 15። ባቲ ላይ ሰኞን ተዉት፤ ከገበያ የመጣ ሰው ደክሞና ዘግይቶ ነው የሚገባው።

ቡናው ከጥናቱ ጋር እኩል ከተጀመረ ስኒው ወሬውን ይጠራዋል፤ የምታፈላዋም እህት ጥናቱ ያመልጣታል። ከ«አሜን» በኋላ ይቆላ። ወሎ ላይ ቡና አይቸኮልበትም፤ አቦሉ፣ ቶናው፣ በረካው እስኪወርድ ለጨዋታ የሚሆን ጊዜ ሞልቷል። ይህን ጊዜ አታባክኑት፤ ኋላ እንደምታዩት ዋና መሣሪያችሁ እሱ ነው።

ጥያቄ አዘጋጁ፤ ጠባብ ጥያቄ። «ከዚህ ክፍል ምን ተማራችሁ?» ማለት ለተናጋሪው በሩን ወለል አድርጎ መክፈት ነው። ሉቃስ 15ን የምታጠኑ ከሆነ «ታላቁ ልጅ አልገባም ያለው ለምንድን ነው? ከቁጥር 28 እስከ 30 እያያችሁ መልሱ» በሉ። ከጠየቃችሁ በኋላ 10 ሰከንድ ዝም በሉ። ዓይን አፋሩ ቃሉን የሚያሰናዳው በዚያች ጸጥታ ነው። አስጠኚው ጸጥታውን ፈርቶ ራሱ ሲመልስ፣ ወይም 40 ደቂቃ ሲሰብክ፣ ኅብረቱን የሚያውከው እሱ ራሱ ይሆናል።

መቀመጫም ለውጥ ያመጣል። ነገር የሚያበዛውን ሰው ፊት ለፊታችሁ አታስቀምጡት፤ ዓይናችሁን ባየ ቁጥር የተጠየቀ ይመስለዋል። ከጎናችሁ ይቀመጥ። ፊት ለፊታችሁ ያ ዝምተኛ ይሁን።

ነገር የሚያስረዝም ሰው

ሰውየው በዕድሜ የሚበልጣችሁ ከሆነ «ይብቃዎት» አይባልም። ትንፋሽ እስኪወስዱ ጠብቁና በአክብሮት ስማቸውን ጠርታችሁ የተናገሩትን በአንድ ዐረፍተ ነገር መልሱላቸው፦ «ጋሼ፣ አባትየው ወጥቶ እንደለመነው ነው ያሳዩን። እሷን ይዘን ቁጥር 31ን እንይ። እስካሁን ያልተናገረ ያንብብልን።» መስመሩን ማጠናቀቅ የሚፈልግ ሰው ቃሉ እንደተሰማ ሲያውቅ ይቆማል፤ ያልተሰማ የመሰለው ግን ደጋግሞ ከመጀመሪያው ይነሣል። ታሪክ ጀምረው ከሆነ ደግሞ «ይቺን ለቡናው አቆዩልን» በሉ። ቡናው ሲወርድም እናንተ ራሳችሁ አስታውሳችሁ ጠይቁ። ካልጠየቃችሁ በሚቀጥለው ሳምንት ይህ ቃል አይሠራም።

ንባብ ወይም የመክፈቻ ጸሎት መስጠትም ይረዳል። ማስጠናቱን ግን ለዝም ማሰኛ ብላችሁ አትስጡ፤ ወንበሩን የለመደ ሰው መልሶ ሲነሣበት ቁስሉ ከፊተኛው ይብሳል።

የሚከራከር ሰው

በአማርኛ ከሚጠና ክፍል ሁሉ ጥናቱን በቶሎ ከመንገድ የሚያወጣው ሮሜ 8፥34 ሳይሆን አይቀርም። የ1954ቱ እትምና የኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ሰማንያ አሐዱ እትም ቁጥሩን በተለያየ ቃል ነው የሚያነቡት። ሁለት ሰው ሁለት መጽሐፍ ይዞ ሲገጥም ሰዓቱ አለቀ ማለት ነው። ይህ እንደሚመጣ አስቀድማችሁ ዕወቁና ንባቡ ሳይጀመር «ዛሬ ሁላችንም ከአንድ እትም እናነባለን፤ ልዩነቱን የሚጠይቅ ካለ በደብተሩ እንጽፈዋለን» በሉ።

ደብተሩ እውነተኛ ደብተር ይሁን። ከርዕሱ የወጣ ጥያቄ ይጻፋል፤ የጠያቂው ስምና ቀኑም ይጻፋል። በሚቀጥለው ስብሰባ የውይይቱ የመጀመሪያዎቹ 10 ደቂቃዎች አንዱ ይመለስባቸዋል። «እናየዋለን» ተብሎ የቀረ ጥያቄ ሁለት ሆኖ ይመለሳል። መልሱን ካላወቃችሁ «አላውቅም፤ ጠይቄ እነግራችኋለሁ» ማለት አያሳፍርም።

ጥያቄው የእውነት ሳይሆን ለመርታት ብቻ ሲሆን አንድ መመለሻ አለ፦ «ይህን ከየትኛው ቁጥር አገኘኸው?» ቁጥሩን ካሳየ ተወያዩበት። ካላሳየ ወደ ክፍሉ ተመለሱ። ሰው ፊት ለመርታት አትነሡ። ጵርስቅላና አቂላ አጵሎስን ያቀኑት በምኵራቡ መካከል ሳይሆን ወደ እነሱ ወስደው ነው (ሐዋ. 18፥26)፤ እሱም ከዚያ በኋላ ብዙዎችን የሚጠቅም ሰው ሆነ።

ስልክና መዘግየት ቀላል ናቸው። በተባለው ሰዓት ጀምሩ፤ ዘግይቶ ለመጣው ወደ ኋላ ተመልሳችሁ አትድገሙ። ስልክ በአንድ ሰሃን ላይ ይቀመጥ።

የጸሎት ርዕስ የለበሰ ሐሜት

«እከሊትን በጸሎት አስቡልኝ፤ ባሏ እኮ...» ሲባል አቋርጡ። ሰው ሁሉ በሚተዋወቅበት ከተማ ይህ በማግስቱ ሰኞ ገበያ ይደርሳል። ሕጉ አንድ ይሁን፦ የራስ ጉዳይ ይቀርባል፤ የሌላ ሰው ጉዳይ የሚቀርበው ባለቤቱ ከፈቀደ ብቻ ነው። ያለፈቃድ ከሆነ «እግዚአብሔር ስሟን ያውቃል» ብላችሁ ዝርዝሩ ሳይነገር ጸልዩ።

ወዲያው የሚቆም ነገር

ሰውን ለብቻው ምከሩ ያልነው ከዚህ በቀር ነው፦ ስድብ፣ ዘር እየጠሩ መውቀስ፣ የእስልምናን ወይም የሌላ እምነት ተከታይን ማንቋሸሽ። ወሎ ውስጥ በአንድ ቤት ክርስቲያንም ሙስሊምም አለ፤ ከተቀመጡት መካከል እናቱ ወይም አጎቱ ሙስሊም የሆነ አይጠፋም። ሲነገር ዝም ካላችሁ የተስማማችሁ ይመስላል። ድምፃችሁን ሳታነሡ «ይህ በዚህ ቤት አይነገርም» በሉና ወደ ቁጥሩ ተመለሱ፤ ማብራሪያ አትጨምሩ። ሰውየውን በዚያው ሳምንት ለብቻ አነጋግሩ።

የሚያለቅስ ሰው ግን አዋኪ አይደለም። በ2014 ጦርነት ሰው ወይም ቤት ያጣ፣ የአንድ መዝሙር ቃል ሊያስነሣበት ይችላል። ጥናቱ ይቁም። «አብሽር» ብላችሁ አጠገቡ ተቀመጡ፤ ስለ ፈቃደ እግዚአብሔር አታስረዱ። በማግስቱ ሁለት ሰው ቤቱ ይሂድ። እንቅልፍና ምግብ እምቢ ብሎት ሳምንታት ካለፉ ሐኪም ዘንድ አብራችሁት ሂዱ።

ለብቻ የሚደረገው ንግግር

ስሜቱ ሲቀዘቅዝ፣ ነገሩ ግን ሳይቆይ፣ በሦስት ቀን ውስጥ ይሁን። በር ላይ ቆሞ ወይም በቴሌግራም መልእክት አይሆንም። ቢሮ አትጥሩት፤ ቤቱ ሂዱ። ሦስት ነገር ብቻ ተናገሩ፦ ያያችሁትን፣ ያስከተለውን፣ የምትለምኑትን። «ባለፉት ሦስት ሳምንታት ሌላ ሰው ሲናገር አቋረጥክ። ሁለት ልጆች መናገር አቁመዋል። በሚቀጥለው ጥናት ሦስት ሰው ከተናገረ በኋላ ተናገር፤ እለምንሃለሁ።» ከዚያ ዝም ብላችሁ ስሙት። ብዙ ጊዜ ከስር ሌላ ነገር ይወጣል፦ ያልተጠየቀበት ሐዘን፣ በቤተ ክርስቲያን የተነፈገው ቦታ። «ሰዎች እንዲህ ይሉሃል» አትበሉ፤ ማን እንዳለ ፍለጋ ይገባል።

ካልተመለሰ ማቴዎስ 18፥16 አንድ ወይም ሁለት ሰው ጨምሩ ይላል። የምትጨምሩት የእናንተ ወዳጅ ሳይሆን እሱ የሚያከብረው ሰው ይሁን፤ አለዚያ ከበባ ይመስለዋል።

አባላትን በድብቅ ሌላ ቦታ የሚሰበስብ፣ «ለአስጠኚው አትንገሩ» የሚል፣ በትንቢት ስም ገንዘብ የሚቀበል ሰው ሲገኝ ግን ቀን ቆጥራችሁ አትጠብቁ። ያያችሁትን ከነቀኑ ጽፋችሁ ለቤተ ክርስቲያኑ ሽማግሌዎች አቅርቡ። ቲቶ 3፥10 የሚሰጠው ማስጠንቀቂያ አንድ ወይም ሁለት ነው። እንዲቀር ከተወሰነ ሁለት ሽማግሌዎች ቤቱ ሄደው ምክንያቱን፣ እስከ መቼ እንደሆነና እንዴት መመለስ እንደሚችል በግልጽ ይንገሩት። ለኅብረቱ የሚነገረው «ለጊዜው ከእኛ ጋር አያጠናም» የሚለው ብቻ ነው። መንገድ ላይ ሲገኝ ሰላምታው አይቋረጥ፤ ለቅሶው ላይም ተገኙ። የተመለሰ ቀን በመቀመጫው ተቀምጦ፣ ንባቡ ተራው ሲደርስ እንደማንኛውም ሰው ያንብብ።