ተሳቢ ለመጎተት ማያያዣ ሲመረጥ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

አገር ቤት ተሳቢ ሲባል በጂቡቲ መስመር የሚመላለሰው ከባድ መኪና ይታወሰናል፤ የማያያዣው ነገርም ለሙያው ሹፌሮች የተተወ ነው። በአሜሪካ ግን በተራ መንጃ ፈቃድ የቤተሰብ መኪና የሚነዳ ሰው ከአንዱ ግዛት ወደ ሌላው ሲዛወር ተሳቢ ይከራያል፤ ለምግብ ንግድ የተዘጋጀ ተሳቢ ገዝቶ ራሱ የሚጎትትም አለ። ማያያዣውን፣ ማለትም «ሂች» የሚባለውን፣ ብዙ ሰው የሚመርጠው መኪናው ላይ መግጠሙን ብቻ አይቶ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት የመኪናውን የመጎተት አቅም ብቻ አንብቦ መርካት ነው። መኪናው፣ ከሻንሲው ጋር በቡሎን የታሰረው መቀበያ፣ መቀበያው ውስጥ የሚገባው ዘንግ፣ በዘንጉ ጫፍ ላይ የሚታሰረው የብረት ኳስና ኳሱን ከላይ የሚይዘው የተሳቢው ማቀፊያ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው የክብደት ወሰን አላቸው፤ ሊከበር የሚገባውም ከሁሉ ያነሰው ቁጥር ነው። መኪናው 5,000 ፓውንድ የሚጎትት፣ መቀበያው 3,500 የሚችል፣ ኳሱ ግን 2,000 የተጻፈበት ከሆነ፣ ተሳቢው ከነጭነቱ ከ2,000 ፓውንድ፣ ማለትም ከ907 ኪሎ ግራም ገደማ፣ ማለፍ የለበትም።

መቀበያዎች በአምስት ደረጃ ይከፈላሉ። አንደኛው ደረጃ እስከ 2,000፣ ሁለተኛው እስከ 3,500፣ ሦስተኛው በተለምዶ እስከ 8,000 ፓውንድ ይጎትታል፤ የመጀመሪያዎቹ የሁለቱ አፍ አብዛኛውን ጊዜ 1¼ ኢንች፣ የሦስተኛው 2 ኢንች ነው። አፉ የጠበበበት ሰው ማስፊያ ገዝቶ ባለ 2 ኢንች ዘንግ ይሰካበታል። ማስፊያው ግን ለአቅሙ የሚጨምረው ነገር የለም፤ እንዲያውም ኳሱን ከመኪናው ስለሚያርቀው ብዙ ጊዜ አቅሙን ይቀንሰዋል። በእኔ ግምት መደብሩ ውስጥ ካሉት ዕቃዎች ሁሉ ሰውን በከንቱ የሚያስተማምነው ይኸው ነው።

ሁለተኛው፣ ብዙ ሰው ፈጽሞ የማያስበው ስህተት፣ ተሳቢው በኳሱ ላይ ቁልቁል የሚያሳርፈውን ክብደት አለመቁጠር ነው። ይህ ክብደት ከተሳቢው ጠቅላላ ክብደት ከ10 እስከ 15 በመቶ መሆን ይገባዋል፤ ለ3,000 ፓውንድ ተሳቢ ከ300 እስከ 450 ፓውንድ ማለት ነው። ከዚህ ካነሰ ተሳቢው በፍጥነት መንገድ ላይ እንደ ዓሣ ጅራት ግራና ቀኝ መወዛወዝ ይጀምራል፤ ከበዛ ደግሞ የመኪናው ኋላ ዝቅ፣ ፊቱ ቀለል ይልና መሪው መታዘዙን ይቀንሳል። ማቀዝቀዣውንና ጄኔሬተሩን ከጎማው ኋላ የደረደረ የምግብ ተሳቢ ለመወዛወዝ የተዘጋጀ ነው፤ ከጭነቱ 60 በመቶ ያህሉ ከአክስሉ ፊት መቀመጥ አለበት።

ይኸው ክብደት መኪናው ውስጥ እንደተጫነ ዕቃ እንደሚቆጠርም ልብ ይሏል። በሹፌሩ በር ምሰሶ ላይ የተለጠፈው ጽሑፍ ሰዎችና ዕቃ በድምሩ ስንት ፓውንድ ማለፍ እንደሌለባቸው ይናገራል። ወሰኑ 1,150 ነው እንበል፤ 750 ፓውንድ የሚመዝኑ አምስት ሰዎች፣ 150 ፓውንድ ሻንጣና ኳሱ ላይ ያረፈው 400 ሲደመሩ 1,300 ይሆናሉ። ተሳቢው ከመኪናው የመጎተት አቅም በታች እያለ፣ መኪናው ግን ከአቅሙ በላይ ተጭኗል።

ይህን ችግር ክብደት በሚያከፋፍል ማያያዣ እፈታዋለሁ ብሎ መነሣትም ስህተት ነው። መሣሪያው በኳሱ ላይ ያረፈውን ክብደት ከፊሉን ወደ መኪናው የፊት ጎማዎችና ወደ ተሳቢው አክስል ስለሚመልሰው ለከባድ ተሳቢ እጅግ ይጠቅማል፤ ይሁን እንጂ የመኪናውን ወሰን አያሳድግም፣ ያለቦታው የተደረደረውንም ጭነት አያቃናም። አንዳንድ መኪናዎች ላይ ደግሞ አምራቹ መጠቀሙን ይከለክላል፤ ስለዚህ ከመግዛት በፊት መመሪያውን ማንበብ ያስፈልጋል።

የኳሱን መጠን በዓይን መገመት ሌላው አደገኛ ልማድ ነው። በአሜሪካ የተለመዱት መጠኖች 1⅞፣ 2 እና 2 5/16 ኢንች ናቸው። በባለ 2 ኢንች ማቀፊያ ውስጥ የገባ የ1⅞ ኢንች ኳስ የተቆለፈ ሊመስል ይችላል፤ መንገዱ ሲያነጥር ግን ማቀፊያው ከኳሱ ላይ ሊነሣ ይችላል። መጠኑ ኳሱም ማቀፊያውም ላይ ስለሚጻፍ ሁለቱን ማስተያየት ቀላል ነው። ከተቆለፈ በኋላም የተሳቢውን የፊት ጫፍ በክሪክ ከፍ አድርጎ የመኪናው ኋላ አብሮ መነሣቱን ማየት ይገባል።

ዘንጉን ሲገዙ ከፍታውን አለመለካትም የተለመደ ነው። ተሳቢው በደልዳላ ቦታ ቀጥ ብሎ ሲቆም በመቀበያውና በማቀፊያው ከፍታ መካከል ያለው ልዩነት ዘንጉ ምን ያህል ወደ ታች ወይም ወደ ላይ መታጠፍ እንዳለበት ይወስናል።

የመብራቱ ሶኬትም ከምርጫው ጋር አብሮ መታየት አለበት። ባለ አራት ሽቦው ለመብራትና ለፍሬቻ ብቻ ሲሆን፣ የተሳቢው የኤሌክትሪክ ፍሬን ባለ ሰባቱን ይፈልጋል፤ ብዙ ግዛቶች ከ3,000 ፓውንድ በላይ ለሆነ ተሳቢ ፍሬን ያስገድዳሉ፣ ወሰኑ ግን ከግዛት ግዛት ይለያያል።

በመጨረሻም ሰንሰለቶቹ ከማቀፊያው ሥር ተጠላልፈው መታሰር አለባቸው፤ ማቀፊያው ቢለቅ መሬት ሳይነካ በላያቸው ያርፋል። ተሳቢው ከመኪናው ቢለይ ተስቦ የተሳቢውን ፍሬን በራሱ የሚያስይዘው ቀጭን ገመድ ግን ከነዚህ ሰንሰለቶችም ሆነ ከዘንጉ ጋር መታሰር የለበትም፤ ዘንጉ ከመቀበያው ቢወጣ ገመዱ አብሮት ስለሚሄድ ሳይሳብ ይቀራልና፣ ለብቻው ከመኪናው አካል ጋር መያያዝ ይኖርበታል።