በትንሽ ሳይክሎትሮን ስንሠራ የምንሳሳተው የት ላይ ነው?

ሆስፒታል ምድር ቤት የምትገባ ትንሽ ሳይክሎትሮን (ለሕክምና ምስል የሚሆን ጨረር አመንጪ ንጥረ ነገር ለመሥራት ቅንጣት የምታፈጥን ማሽን) ፕሮቶንን እስከ 11 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ታደርሳለች። አዲስ ሰው ሲመጣ ዓይኑ ማሽኗ ላይ ይቀራል። ሥራው የሚበላሸው ግን አብዛኛውን ጊዜ ታርጌቱ (ፕሮቶኑ የሚመታው ነገር የሚቀመጥበት ዕቃ) እና ቱቦው ላይ ነው።

የሁሉም ሰው ስህተት «ብዙ ሰዓት ብንመታው ብዙ እናገኛለን» ማለት ነው። ለምስል የምንሠራው ጨረር አመንጪ ፍሎሪን-18 በየ110 ደቂቃው በግማሽ ይቀንሳል። እየተሠራም ይቀንሳል። የሚያፈስ እንስራ መሙላት በሉት። በ110 ደቂቃ ሊደርስ ከሚችለው ጣሪያ 50 በመቶ ይደርሳል፣ በ220 ደቂቃ 75፣ በ330 ደግሞ 87.5። ከዚያ በኋላ የመብራት ሂሳብ እንጂ ሌላ ብዙም አይጨምርም። ይልቅ መርፌው የሚወጋበትን ሰዓት ያዙና ወደ ኋላ ቁጠሩ። በ1976 ኤፍዲጂ (ፍሎሪን-18 የተያያዘበት ስኳር) ለመጀመሪያ ጊዜ ለሰው ሲሰጥ ኒው ዮርክ ብሩክሄቨን ተሠርቶ ፊላዴልፊያ የደረሰው በአውሮፕላን ነበር። መንገድ ላይ የሚጠፋውን አስቀድመው ካላሰቡ ባዶ ብልቃጥ ማድረስ ነው።

ውኃውም ላይ ቸልተኝነት አለ። ፍሎሪን-18 የሚሠራው ኦክስጅን-18 ካለበት ውኃ ነው፤ በተራ ውኃ ውስጥ ግን ካለው ኦክስጅን 0.2 በመቶ ገደማ ብቻ ነው ኦክስጅን-18። የምንገዛው የበለጸገው ውድ ነው፤ ታርጌቱ የሚይዘውም 2 ወይም 3 ሚሊ ሊትር ነው። ቱቦውን በተራ ውኃ አጥቦ ሳያደርቅ የሚሄድ ሰው አይጠፋም። ግማሽ ሚሊ ሊትር ቀርቶ 2 ሚሊ ሊትር ቢገባበት አንድ አምስተኛው ተራ ውኃ ሆነ ማለት ነው። ከእሱ የምታገኙት ናይትሮጅን-13 ነው፣ እሱን ደግሞ ማን ጠየቀ?

ካርቦን-11 የሚባለውን ሌላ ጨረር አመንጪ ስንሠራ ጠላታችን አየር ነው። በትንሽ ቀዳዳ የገባ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ተራ ካርቦን ያስገባል። ስካነሩ አያየውም፤ አንጎል ውስጥ መድኃኒቱ የሚጣበቅበት ተቀባይ ላይ ግን ቦታ ይይዛል። ለተመራማሪ ይህ ከምርት ማነስ የባሰ ነው፣ ምክንያቱም ምስሉ ደህና መስሎ ቁጥሩ ይዋሻል።

ጠንከር ያለ ማሽን ያላቸው ደግሞ ኃይሉን መቀነስ ይከብዳቸዋል። ዚርኮኒየም-89 የሚባለውን ጨረር አመንጪ ኢትሪየም ከሚባለው ብረት ስትሠሩ ከ13 ሚሊዮን ኤሌክትሮን ቮልት ገደማ በላይ ካለፋችሁ ዚርኮኒየም-88 ይመጣል። የፈለጋችሁት በ78 ሰዓት ሲጋመስ ያልፈለጋችሁት 83 ቀን ይፈጃል። ሁለቱም ዚርኮኒየም ናቸውና ኬሚስቱ ሊለያቸው አይችልም።

የመጨረሻው፣ ማሽኑ ጠፋ ብሎ ታርጌቱን ለመፍታት መሮጥ። ፕሮቶኑ የሚያልፍበት ስስ የብረት ቅጠል ራሱ ጨረር አመንጪ ሆኗል፤ ከውስጡ ያለው ኮባልት-56 በወራትም አያልቅም። ቅጠል መቀየር ካለባችሁ ሰኞ ጠዋት፣ የመጀመሪያው ሥራ ሳይጀመር፣ ረጅም መቆንጠጫ ይዛችሁ ግቡ።