ለሜዲካል ሚሽን ወደ ኢትዮጵያ ስትሄዱ ልትርቋቸው የሚገቡ ስህተቶች

በገና ሰሞንና የአሜሪካ ትምህርት ቤቶች በሚዘጉበት ክረምት፣ ከዋሽንግተን፣ ከሚኒያፖሊስ፣ ከአትላንታና ከሌሎችም ከተሞች የሐበሻ ሐኪሞችና ነርሶች ከፈረንጅ ባልደረቦቻቸው ጋር ቡድን ሠርተው ወደ ሐዋሳ፣ ጎንደር፣ ጅማና ሌሎች የአገር ቤት ሆስፒታሎች ይሄዳሉ። የዓመት ፈቃዳቸውን ሰውተው፣ ትኬታቸውን ከኪሳቸው ከፍለው ነው የሚሄዱት፤ ሊመሰገኑ ይገባል። ሆኖም ከዚህ በታች የማነሳቸው ስህተቶች ሁሉ የሚሠሩት በቅን ሰዎች ነው። የአንድ ሚሽን ዋጋ የሚታወቀው ቡድኑ አውሮፕላን በተሳፈረ ማግስት፣ በሽተኛውን ተረክቦ የሚያየው ባለሙያ በእጁ ምን እንደቀረለት ሲታይ ነው ብዬ አምናለሁ። ምክሬ ሁሉ የሚነሳው ከዚያ ነው።

ሆስፒታሉን ሳያማክሩ ዕቅድ መጨረስ

ብዙ ቡድን መጀመሪያ ቀን ይቆርጣል፣ ትኬት ይገዛል፣ ገንዘብ ያሰባስባል። ከዚያ በኋላ ነው ለሆስፒታሉ “በዚህ ሳምንት እንመጣለን” ብሎ የሚጽፈው። የኛ ሰው ደግሞ እንግዳ አይመልስም። ሜዲካል ዳይሬክተሩ ይሉኝታ ይይዘውና “እንኳን ደህና መጣችሁ” ይላል እንጂ “አይመቸንም” አይልም። ሆስፒታሉ ያለው ሁለት የኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ከሆነና አንዱን ለእናንተ ከለቀቀ፣ ወራት ወረፋ ሲጠብቁ የኖሩ የራሱ በሽተኞች ወደ ኋላ ይገፋሉ።

“ምን ይጎድላችኋል?” የሚለው ጥያቄም ብዙ አያስኬድም፤ መልሱ ሁሌም “ሁሉም ነገር” ነውና። ይልቅ ቁርጥ ያለ ነገር ጠይቁ። ስንት አልጋ ይለቀቅልናል? ማደንዘዣ የሚሰጠው ማን ነው? ኦክስጅኑ በሲሊንደር ነው ወይስ በመስመር? ደም ቢያስፈልግ ከየት ይመጣል? ኦቶክሌቩ (የዕቃ ማምከኛው) በቀን ስንት የኦፕራሲዮን ዕቃ ስብስብ ያወጣል? ውሃ ሲጠፋ ምን ታደርጋላችሁ? እነዚህን ጥያቄዎች ለዳይሬክተሩ ብቻ አትላኩ። የኦፕራሲዮን ክፍሏ ኃላፊ ነርስ፣ ፋርማሲስቱና የሕክምና መሣሪያ የሚጠግነው የባዮሜዲካል ባለሙያ የሚያውቁትን ሌላ ማንም አያውቀውም።

ቀኑንም ከእነሱ ጋር ቁረጡ። ጥር 10ና 11 ጥምቀት ነው፤ በሰሜኑ ሰው ታቦት ሸኝቶ ሳይመለስ ሆስፒታል አይመጣም። በኅዳርና በታኅሣሥ ገበሬው አጨዳና ውቂያ ላይ ነው፤ ዓይኑ በሞራ የተጋረደ አባት እንኳ “እህሉ ይግባና” ይላል። ነሐሴ ላይ ደግሞ የገጠር መንገድ በጎርፍና በጭቃ ይዘጋል። ኢድና አረፋ በየዓመቱ ቀናቸው ስለሚዞር የዚያን ዓመቱን ማየት ያስፈልጋል።

“ቢጫ ካርድ ስላለኝ ፈቃድ አያስፈልገኝም” ማለት

ቢጫ ካርድ የሚባለው የትውልደ ኢትዮጵያ መታወቂያ በአዋጅ 270/1994 መሠረት ያለ ቪዛ ለመግባትና ያለ ሥራ ፈቃድ ለመሥራት ያስችላል። በሽተኛ ለማከም ግን አያስችልም። ለአጭር ጊዜ የሚመጣ ባለሙያ ከጤና ሚኒስቴር ጊዜያዊ የሙያ ፈቃድ ማውጣት አለበት፤ በቦሌ የሚገባ የልብ ሐኪም ሐበሻም ይሁን ፈረንጅ ሕጉ አንድ ነው። ዲፕሎማችሁን፣ የታደሰ ፈቃዳችሁን፣ ፈቃድ ከሰጣችሁ ቦርድ የሚጻፍ የመልካም ሥነ ምግባር ደብዳቤና የተቀባዩን ሆስፒታል ደብዳቤ ከወራት በፊት አዘጋጁ። የክልሉን ጤና ቢሮ ማሳወቅም አይረሳ።

ከፈቃድ ጋር አብሮ የሚሄድ ሌላ ነገር አለ። ሕክምና ትምህርት ቤት ለመግባት የሚዘጋጅ ወጣት አሜሪካ ውስጥ መርፌ እንዲወጋ የማይፈቀድለት ከሆነ፣ ወላይታ ወይም ወለጋ ሄዶ ቁስል ሊሰፋ አይገባም። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ሂዱ፤ አገራቸውን ይዩ። ካርድ ይጻፉ፣ ወረፋ ያስተናግዱ፣ የዓይን ሰንጠረዥ ያሳዩ። ድሃ ሰው መለማመጃ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2010 ከሄይቲ የመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ ያለ በቂ ዝግጅትና ያለ ልክ የገቡ ቡድኖች ያደረሱት ትርምስ ነው የዓለም ጤና ድርጅትን በ2013 ለውጭ የሕክምና ቡድኖች ዝቅተኛ መስፈርት እንዲያወጣ የገፋፋው።

ያገኙትን መድኃኒት ሁሉ ሻንጣ ውስጥ መጠቅጠቅ

የአንዳንድ ሆስፒታል መጋዘን ከፍታችሁ ብታዩ ያሳዝናችኋል። አንድ ግድግዳ ሙሉ ካርቶን፣ ውስጡ ጊዜው ያለፈበት ሽሮፕ፣ የተከፈተ የቫይታሚን ጠርሙስ፣ የሐኪም ቢሮ ሳምፕል፣ ማንም የማያውቀው የቆዳ ቅባት። ፋርማሲስቱ ይህን ሁሉ መዝግቦ፣ ለይቶ፣ በሥርዓት ማስወገድ አለበት፤ ማስወገዱ ደግሞ ገንዘብ ይጠይቃል። በስጦታው የተረፈው ሥራ ብቻ ነው።

የዓለም ጤና ድርጅት የመድኃኒት ልገሳ መመሪያ ካወጣ ከእ.ኤ.አ. 1996 ጀምሮ ደንቡ ግልጽ ነው። መድኃኒቱ አገሪቱ ከምትጠቀምባቸው መሠረታዊ መድኃኒቶች ዝርዝር ውስጥ ይሁን፤ ሲደርስ ቢያንስ የአንድ ዓመት ዕድሜ ይኑረው፤ በሽተኛ የመለሰው ወይም ነጻ ሳምፕል አይሁን፤ በዚያ ያለው ባለሙያ በሚረዳው ቋንቋ ስሙ ይጻፍበት። ለማስገባት ደግሞ የኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል፤ ስም፣ መጠን፣ ባች ቁጥርና የሚያበቃበት ቀን በዝርዝር ሰፍሮ ቀድሞ ይላካል። ኬታሚን፣ ሞርፊንና ፌንታኒል የመሳሰሉት ከዚህም የጠበቀ ቁጥጥር አለባቸው፤ በሻንጣ ይዤ እገባለሁ ብሎ ማሰብ ራስንም ቡድኑንም ማስያዝ ነው።

ከሁሉ በላይ የማሳስባችሁ ግን የደም ግፊትና የስኳር መድኃኒት ነገር ነው። አንዲት እናት በፌስታል የቋጠረችውን የባዶ ጠርሙስ ጥርቅም ይዛ ተመላላሽ ክፍል ስትቀመጥ አስቡ። “ፈረንጆቹ የሰጡኝን ስጡኝ” ትላለች። ጠርሙሱ ላይ ያለው መድኃኒት በከተማው የለም፤ አለ ቢባልም ዋጋው አይቀመስም። ነርሷ በእጇ ያለውን አምሎዲፒን ልትሰጣት ስትል እናትየው “የአገር ቤቱ አይሠራም” ብላ ወደ ቤቷ ትሄዳለች። ግፊቱ እንደገና ይወጣል። ስለዚህ ረጅም ጊዜ ለሚወሰድ ሕመም ጤና ጣቢያው ያለውን እዘዙ፤ አምሎዲፒን፣ ኢናላፕሪል፣ ሃይድሮክሎሮታያዛይድ፣ ሜትፎርሚን። ገንዘብ ካላችሁ መድኃኒቱን ከዚያው አገር ግዙ። ግሉኮሜትርም (የስኳር መለኪያ) ከመስጠታችሁ በፊት ስትሪፑ፣ ማለትም ደሙ የሚነካበት መለኪያ ወረቀት፣ በአካባቢው መሸጡን አጣሩ። ስትሪፕ የሌለው ግሉኮሜትር ለማንም አይጠቅምም።

የ110 ቮልት መሣሪያ ይዞ መሄድ

የኢትዮጵያ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው፤ የአሜሪካው ወደ 120 ቮልት፣ 60 ኸርዝ። ትራንስፎርመር ቮልቱን ያስተካክላል፣ ኸርዙን ግን አይለውጥም፤ ስለዚህ ሞተር ያላቸው እንደ ሳክሽን (ፈሳሽ መምጠጫ) ያሉ መሣሪያዎች ፍጥነታቸው ይቀየራል፣ ይግላሉ፣ ይቃጠላሉ። ጀርባው ላይ 100–240 የሚል ያለበትን ብቻ ያዙ። መለዋወጫውንና የጥገና መመሪያውን አብራችሁ ስጡ፤ ካልሆነ ባዮሜዲካሉ ምንም ሊያደርግ አይችልም።

ቆርጦ መሄድ

ዋናው ጉዳይ እዚህ ላይ ነው። የዓይን ሞራ ማውጣት ለአንድ ጎበዝ ሐኪም የደቂቃዎች ሥራ ነው፤ በአንድ ሳምንት ብዙ ሰው ብርሃን ያገኛል። ዓይን ውስጥ ኢንፌክሽን ከገባ ግን ብዙውን ጊዜ የሚታየው በመጀመሪያዎቹ ቀናትና ሳምንታት ነው፣ ሰዓትም አይሰጥም። ቡድኑ በአራተኛው ቀን ላሊበላን ለመጎብኘት ከወጣ፣ ዓይኑ የቀላውና የሚያመው ሰው ማን ጋ ይሂድ? ገንዘብ ስታሰባስቡ የክትትሉን አብራችሁ አስሉት፤ የመጓጓዣ፣ የጠብታ፣ ተመልሶ ለሚያየው ባለሙያ የትርፍ ሰዓት። ከባዱን ኦፕራሲዮን በመጀመሪያዎቹ ቀናት ሥሩ፤ የመጨረሻዎቹን ቀናት ለክትትልና ለርክክብ ተዉ። በመጨረሻው ቀን ቡአ ወይም እንቅርት ቆርጦ ሻንጣ ማሰር በምንም ሚዛን ትክክል አይደለም።

የእያንዳንዱ በሽተኛ ካርድ በሆስፒታሉ ካርድ ክፍል ይቅር፤ በላፕቶፓችሁ ብቻ ይዛችሁት አትሂዱ። ምን እንደተሠራ፣ ምን እንደገባ፣ ስፌቱ መቼ እንደሚወጣ ሊነበብ በሚችል ጽሑፍ ይስፈር። በገጠር ደግሞ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን አሳውቁ፤ የበሽተኛውን ደጅ የምታውቀው እሷ ናት።

ማን እንደሚቀር ለማወቅ የኢትዮጵያን የሥራ ክፍፍል ማወቅ ግድ ነው። በመጀመሪያ ደረጃ ሆስፒታል እናቶችን በኦፕራሲዮን የሚያዋልደው ብዙ ጊዜ አይኢኤስኦ የሚባለው የድንገተኛ ቀዶ ሕክምና መኮንን ነው፤ ማደንዘዣ የሚሰጠውም ሐኪም ያልሆነ የአንስቴዢያ ባለሙያ ነው። ከአሜሪካ የሚመጣ ሰርጀን አንዳንዴ “ዶክተሩ የት አለ?” ብሎ እነዚህን ሰዎች ያልፋቸዋል። አብሯችሁ የሚቆመው፣ መቀሱን የሚይዘው፣ በመጨረሻም እናንተ እያያችሁ የሚሠራው ይኸው የአገሩ ባለሙያ ይሁን። ለዚህ ሲባል በቀን የምትሠሩት በአምስት በሽተኛ ቢቀንስም ይሻላል።

ይህ በአገራችን ተሞክሮ የታየ ነገር ነው። የማህፀን ሐኪሞቹ ባልና ሚስት ካትሪንና ሬጅናልድ ሐምሊን እ.ኤ.አ. በ1959 ለአጭር ውል መጥተው ቀሩ፤ በ1974 የአዲስ አበባ ፊስቱላ ሆስፒታልን ከፈቱ። ራሷ የፊስቱላ ታካሚ ሆና የመጣችው፣ መደበኛ ትምህርት ያላገኘችው ማሚቱ ጋሼ ከእነሱ ጋር እየቆመች ሙያውን ተምራ፣ ከውጭ የሚመጡ ሐኪሞችን እስከ ማሠልጠን ደረሰች። እንደነሱ ዕድሜ ልክ መቆየት የሚችለው ጥቂት ሰው ነው። ወደ አንድ ሆስፒታል በየዓመቱ መመለስ ግን ይቻላል፤ በየዓመቱ አዲስ ከተማ ከመቀየር እጅግ የተሻለ ነው።

አማርኛ ሁሉንም ያግባባል ብሎ ማሰብ

ጅማ አፋን ኦሮሞ፣ ሐዋሳ ዙሪያ ሲዳምኛ፣ ጅግጅጋ ሶማልኛ የሚናገር በሽተኛ ይመጣል። ሆስፒታሉ ነርሶቹን ከዋርድ እየነቀለ ለአስተርጓሚነት እንዳይሰጣችሁ ቀድማችሁ ሰው ቅጠሩ፣ ክፈሉትም።

የሰዓቱ ነገር ደግሞ ሕይወት ያጠፋል። ፈረንጁ ባልደረባችሁ ወረቀት ላይ “ከ12 በኋላ ምንም አይብሉ” ብሎ ይጽፋል፤ እኩለ ሌሊት ማለቱ ነው። በሽተኛው በራሱ ሰዓት ያነበዋል፤ የኛ 12 ሰዓት ንጋት ነው። ሊነጋጋ ሲል ቁርሱን በልቶ፣ በሁለት ሰዓት ሆዱ እንደሞላ ማደንዘዣ ይሰጠዋል። ቀጠሮንና የመድኃኒት ሰዓትን ሁሉ በኢትዮጵያ ሰዓትና ቀን ጻፉ፤ ከቡድኑ አንድ ሰው ይህን ብቻ ይቆጣጠር።

ጾምንም ጠይቁ። በዐቢይ ጾም እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም የማይቀምስ ሰው ጠዋት ኢንሱሊን ከወጋ ስኳሩ ይወርዳል። “ጾሙን ተው” ብሎ መገሰጽ አያስፈልግም፤ የንስሐ አባቱን እንዲያማክር ንገሩት፣ እስከዚያው የመድኃኒቱን ሰዓትና መጠን አስተካክሉ። ዓይኑ የተሠራ ሰው ጠበል መጠመቅ ቢፈልግም ቁስሉ እስኪደርቅ እንዲታገሥ በአክብሮት ስትነግሩት ይሰማል።

ያለፈቃድ ፎቶ ማንሳት

አጭር ነው፤ የልጃችሁን ቁስል ፌስቡክ ላይ የማትለጥፉ ከሆነ የሰውንም ልጅ አትለጥፉ። ኦፕራሲዮን ጠረጴዛ ላይ ሊወጣ የቀረበ ሰው “እሺ” ማለቱ ፈቃድ አይባልም።

“እዚያ ተወልጄ አድጌ ምን እሆናለሁ” ብሎ ራስን መርሳት

አገር ቤት ያደገ ሰው ከፈረንጁ ይልቅ በወባ የሚያዘው ጥንቃቄውን ስለሚተው ነው። በልጅነት የነበረ የመከላከል አቅም ውጭ አገር በኖሩ ቁጥር ይዳከማል፤ ደጋ ያደገ ሰው ደግሞ መጀመሪያውኑም አልነበረውም። አዲስ አበባ ወባ የለም፤ ሐዋሳ፣ ጋምቤላ፣ አርባ ምንጭ ግን አለ። የምትወስዱት የወባ መከላከያ ክኒን ዶክሲሳይክሊን ከሆነ ከጉዞው አንድ ወይም ሁለት ቀን በፊት ጀምራችሁ ከተመለሳችሁ በኋላ አራት ሳምንት ቀጥሉ፤ ማላሮን ከሆነ ከተመለሳችሁ በኋላ ሰባት ቀን። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት በተለመደው አሰጣጥ እስከ ስድስት ወር ስለሚወስድ ዛሬ ጠይቁ። መርፌ ቢወጋችሁ የኤችአይቪ መከላከያው በ72 ሰዓት ውስጥ፣ በፈጠነ መጠን ይጀመርና 28 ቀን ይወሰዳል፤ ማን ጋ እንደሚቀመጥ ከመጀመሪያው ቀን በፊት ቡድኑ ሁሉ ይወቅ።

ከተመለሳችሁ በኋላ ትኩሳት ከያዛችሁ፣ ወራት ቢያልፉም እንኳ፣ ለሐኪማችሁ ኢትዮጵያ እንደነበራችሁ ንገሩና የወባ ምርመራ አስደርጉ። በአገራችን ፋልሲፓረም ከሚባለው የወባ ዓይነት ሌላ ቫይቫክስ የሚባልም አለ፤ እሱ ጉበት ውስጥ ተደብቆ ቆይቶ ስለሚነሳ የመከላከያ ክኒኑን በሥርዓት የጨረሰ ሰው ላይም ሊወጣ ይችላል፤ ደሙን ካጸዳው መድኃኒት ሌላ ጉበት ውስጥ ያለውን የሚያጠፋ ተጨማሪ መድኃኒትም ይፈልጋል።