የ40 ላንድክሩዘርን ቤት ውስጥ ሲያድሱ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ቶዮታ እ.ኤ.አ. ከ1960 እስከ 1984 ያመረተው 40 ላንድክሩዘር በእጅ መሣሪያ ብቻ ከጫፍ እስከ ጫፍ ሊፈታ የሚችል መኪና ነው። ኮምፒውተር የለውም፣ ሞተሩ ዙሪያ እጅ የሚያስገባ ቦታ አለ፣ ቦዲውም ሻንሲው ላይ የታሰረው በቡሎን ነው። ችግሩ የሚጀምረውም ከዚሁ ነው። ለመፍታት ስለሚቀል ሰው ሳይለካ፣ ሳያይ፣ ሳይጽፍ ይፈታዋል። ግቢ ውስጥ ሸራ ለብሰው ከቀሩት መካከል ብዙዎቹን ያስቀራቸው ዝገቱ ሳይሆን ይህ ችኮላ ነው።

ጤነኛ ሞተር ማውረድ

አዲስ አበባ ላይ ከሁሉም ይበልጥ የሚደጋገመውና የሚያስቆጨው ስህተት ይህ ነው። ጀማሪው ባለ 2ኤፍ ሞተር (ባለ ስድስት ሲሊንደር የቤንዚን ሞተር) ኤፍጄ 40፣ ማለትም የቤንዚኑን 40፣ ይገዛል፤ የኮምፕሬሽን ጌጅ (ሲሊንደሩ አየር የሚያምቅበትን ግፊት የሚለካ) ተውሶ ይለካል፤ ስድስቱም ሲሊንደር ወደ 115 ፒኤስአይ (የግፊት መለኪያ) ያሳዩታል። የቶዮታን የጥገና መመሪያ ሲገልጥ ጤነኛው 149፣ የመጨረሻው ዝቅተኛ 114 እንደሆነ ያነባል። «ሞተሩ አልቋል» ይልና ቴስታታውን ያወርዳል፣ ፒስተኖቹን ያወጣል፣ ሲሊንደሮቹን በማሽን ያስሰፋል። ያ ሞተር ግን ምንም አልነበረበትም።

መመሪያው የተጻፈው ለባሕር ወለል አካባቢ አየር ነው። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር በላይ ላይ ስለተቀመጠች የአየሩ ግፊት ከባሕር ዳርቻው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። ሲሊንደሩ የሚስበው አየር በዚያው ልክ ይሳሳል፣ ጌጁም ዝቅ ብሎ ያነባል። ስለዚህ በመመሪያው 149 የተባለው ሞተር እዚህ 115 አካባቢ ቢያሳይ ደህና ነው ማለት ነው። የሞተሩን የመሳብ ኃይል የሚለካው የቫኩም ጌጅም እንዲሁ ያታልላል፤ በየ300 ሜትሩ ከፍታ አንድ ኢንች (ሜርኩሪ) ገደማ ይቀንሳል። ባሕር ዳርቻ ላይ ከ18 እስከ 20 የሚያሳይ ሞተር እዚህ 11 ወይም 12 ቢያሳይ አይደንግጡ። መታየት ያለበት መርፌው ጸጥ ብሎ መቆሙ ወይም መንቀጥቀጡ ነው።

ትክክለኛው አለካክ እንዲህ ነው። በመጀመሪያ ሞተሩን ያሙቁና የቫልቭ ክፍተቱን በሙቅነቱ ያስተካክሉ፤ ለማስገቢያው 0.20፣ ለማስወጫው 0.35 ሚሊ ሜትር። የጠበቀ ቫልቭ በደንብ ስለማይዘጋ ንባቡን ያወርደዋል፤ ሰውም ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) በላ ብሎ ይሳሳታል። ቀጥሎ ስድስቱንም ካንዴላ አውልቀው የኮይሉን ገመድ ይንቀሉ። የነዳጁን ፔዳል እስከ ታች ይርገጡ፣ በሞላ ባትሪ መርፌው መውጣት እስኪያቆም ድረስ ሞተሪኖውን ያዙሩ። ከዚያ መጽሐፉን ዘግተው ስድስቱን ቁጥሮች እርስ በርስ ያወዳድሩ። በመካከላቸው ያለው ልዩነት ከ14 ፒኤስአይ ካላለፈ ቴስታታውን አይንኩት። አንዱ ብቻ ከወረደ በካንዴላው ቀዳዳ አንድ ማንኪያ የሞተር ዘይት ጨምረው እንደገና ይለኩ፤ ከፍ ካለ ፋሻው ነው፣ ካልተንቀሳቀሰ ቫልቩ ነው። ጎን ለጎን ያሉ ሁለት ሲሊንደሮች አብረው ከወረዱ ጓርኒሲዮኑን (ከቴስታታው ሥር ያለውን ማሸጊያ) ይጠርጥሩ።

ይህ ሁሉ ግማሽ ቀን የማይሞላ ሥራ ነው። በማሽን ተፍቆ የተነሳ የሲሊንደር ግድግዳ ግን ተመልሶ አይመጣም፤ እነዚህ ሞተሮች ደግሞ አዲስ አይሠሩም።

ጉልበት ያነሰው መኪና ብዙውን ጊዜ የሚፈልገው የካርቡራቶር ማስተካከያና ታይሚንግ (ካንዴላው እሳት የሚሰጥበትን ቅጽበት ማስተካከል) ብቻ ነው። ከፍታ ላይ አየሩ ስለሚሳሳ የአየርና የቤንዚን ድብልቁ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ካንዴላው ጥቁር ጥላሸት ይለብሳል። ፕላቲኑን (ዲስትሪቢዩተሩ ውስጥ የሚከፈትና የሚዘጋውን የኤሌክትሪክ መገናኛ) 0.45 ሚሊ ሜትር ከፍተው፣ የዲስትሪቢዩተሩን የቫኩም ቱቦ ነቅለው ጫፉን ደፍነው፣ ፍላይዊሉ ላይ ያለችውን ትንሽ የብረት ኳስ በታይሚንግ መብራት ይፈልጉ። እርሷ 7 ዲግሪን ታመለክታለች። እዚህ ከፍታ ላይ ሞተሩ ጥቂት ዲግሪ ተጨማሪ ይወዳል፤ ዳገት ላይ መንኳኳት ከጀመረ ግን መልሱት።

ሳይደግፉ መቁረጥ

የ40 ወለል፣ ከበሩ ሥር ያለው ደፍ፣ ከኋላ ጎማው በስተጀርባ ያለው ጥግ፣ የፊት መስታወቱ ፍሬም ግርጌና የጣሪያው አሸንዳ ቀድመው የሚዝጉ ቦታዎች ናቸው። ጀማሪው ቦዲውን ከሻንሲው ያነሳና በሮቹን አውልቆ ሁለቱንም ደፎች በአንድ ቀን ይቆርጣል። ቅርጹን ይዞት የነበረው ያ የዛገ ላሜራ ነበር። አዲሱ ከተበየደ በኋላ በሩ ከላይ ይነካል፣ ከታች ጣት ያስገባል፤ ያንን ደግሞ ማጠፊያውን በመጎተት ማስተካከል አይቻልም።

ከመቁረጥዎ በፊት 25 ሚሊ ሜትር ካሬ ቱቦ ብረት በየበሩ ክፍት ቦታ ከፊት ምሰሶ እስከ ኋላ ምሰሶ ይበይዱ፤ ከግራ ወደ ቀኝም አንድ ያሻግሩ። ሰያፍ ልኬቶቹን በሁለቱም አቅጣጫ ወስደው ግድግዳ ላይ በኖራ ይጻፉ። ቦዲው ሻንሲው ላይ፣ መኪናውም በራሱ ጎማ ላይ ይቁም፤ በክሪክ አንድ ጎኑን አንስተው የበየዱት ቦዲ ሲወርድ ይጠማዘዛል። አንዱን ጎን ጨርሰው በሩን ሰቅለው ካልገጠሙ ሌላውን ጎን አይንኩ። ቦዲውና ሻንሲው መካከል ያሉትን ጎማዎች አስቀድመው ይቀይሩ፤ የበሩን ክፍተት ባለቀ ጎማ ላይ ካስተካከሉት አዲሱ ሲገባ ሁሉም ይዛባል።

ስቱኮ ዝገት ላይ። ይህን አታድርጉ። ስቱኮ እርጥበት ይጠጣል፤ ሥሩ ያለው ዝገት መብላቱን ይቀጥላል፤ በሁለተኛው ክረምት ቀለሙ ይነፋል። ዝገቱን እስከ ነጭ ብረት ቆርጠው ያውጡ፣ ባዶውን ብረት በኢፖክሲ ፕራይመር ይሸፍኑ፣ ስቱኮውን በእርሱ ላይ በስሱ ይለጥፉ። ጥሩ ባትላሜራ ሠሪ ላሜራውን በመዶሻ አስተካክሎ ስለሚሰጥዎ ሦስት ሚሊ ሜትር እንኳ አያስፈልግዎትም።

በሐምሌና በነሐሴ አይርጩ። አየሩ እርጥበት ሲሸከም የተረጨው ቀለም ወተት የነካው ይመስል ይገረጣል፣ ውስጡም ውኃ ይታሰራል። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ደረቅ ጊዜ ለዚህ ሥራ የተሠራ ነው። ማጠንከሪያ የሚቀላቀልበትን ቀለም የሚረጩ ከሆነ ደግሞ የጨርቅ ጭንብል ሳንባዎን አያድነውም፤ ንጹሕ አየር በቱቦ የሚያስገባ ጭንብል ከሌለዎት ለባለሙያ ይስጡት።

የፊት አክስል በመዶሻና በመሮ

የጎማውን ኩሽኔታ የሚይዙት ሁለት ዳዶዎች 54 ሚሊ ሜትር ናቸው። ሶኬቱ ሶማሌ ተራ ተፈልጎ ይገኛል፤ ካጡ ከወፍራም ቱቦ ማሠራት ይቻላል። ሆኖም መሮ አስደግፎ በመዶሻ መምታት ልማድ ሆኗል። የዳዶው ጥርስ ይሰበራል፣ ፍርፋሪው ኩሽኔታው ውስጥ ይገባል፤ ከሁሉ የከፋው ግን ምን ያህል እንደጠበቀ ማወቅ አለመቻልዎ ነው። የላላ ኩሽኔታ ጎማውን ያወዛውዛል፣ የጠበቀው ይቃጠላል። የውስጠኛውን ዳዶ ወደ 60 ኒውተን ሜትር አጥብቀው ሃቡን (ጎማው የሚታሰርበትን) ወዲያና ወዲህ ያሽከርክሩ፣ ከዚያ አላልተው በእጅ ኃይል ብቻ መልሰው ይያዙት። ሃቡ ሳይንገዳገድ በቀላሉ ሲዞር መቆለፊያ ሮንዴላውን አስገብተው የውጪውን ዳዶ ያጥብቁና የሮንዴላውን ጥርስ እጠፉት።

መሪ የሚዞርበት ኳስ ላይ ጥቁር ቀጭን ፈሳሽ ካዩ ጠርጎ ግራሶ መጨመር መፍትሔ አይሆንም። የውስጠኛው ሲል (ዘይት የሚያግደው ጎማ) አልቆ የዲፈረንሻሉ ዘይት ወደ ግራሶው ገብቷል፤ ጥቂት ከቆየ የፍሬኑ ሸራ ላይ ይደርሳል። ሲፈቱት ከላይና ከታች ያሉትን ቀጫጭን ማስተካከያ ሮንዴላዎች አንድ ላይ አያደባልቁ፤ ውፍረታቸው መሪውን መሃል ላይ የሚያስቀምጠው ነው። የላይኛውን በአንድ ከረጢት፣ የታችኛውን በሌላ አድርገው ይጻፉበት።

አዲስ ሲል ገብቶ በሳምንቱ የሚያንጠባጥብ ከሆነ የአክስሉን መተንፈሻ ይመልከቱ። በጭቃ ወይም በአዲሱ ቀለም ተደፍኗል፤ አክስሉ ሲሞቅ አየሩ መውጫ አጥቶ ዘይቱን በሲሉ በኩል ይገፋዋል።

ቡሎን «ይገባል» ብሎ ማስገባት

ቶዮታ በብዙ ቦታ የሚጠቀመው 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ቡሎን ከጥርስ እስከ ጥርስ ያለው ርቀት 1.25 ሚሊ ሜትር ነው። ሱቅ ላይ በብዛት የሚሸጠው ባለ 10 ግን 1.5 ነው። ሁለት ዙር በእጅ ይገባል፣ ከዚያ ይጠብቃል፤ በመፍቻ ከገፉት የሞተሩን ወይም የሻንሲውን ጥርስ ይዞ ይወጣል። በእጅ እስከ መጨረሻው የማይገባ ቡሎን ቦታው አይደለም። አሮጌዎቹን አይጣሉ፤ በላምባ ዘፍዝፈው በሽቦ ብሩሽ ያጽዷቸው፤ ከአዲሱ የተሻሉ ናቸው።

ፍሬኑን በማስተር ሲሊንደር ማማካኘት

የፊት ዲስክ ከመምጣቱ በፊት የተሠሩት ላይ እያንዳንዱ ጎማ ሁለት ሲሊንደርና ሁለት ማስተካከያ አለው፤ በጠቅላላ ስምንት። ፔዳሉ ወለል ሲነካ ጀማሪው አየር ያስወጣል፣ እንደገና ያስወጣል፣ ከዚያ ማስተር ይገዛል። ሸራዎቹ ከታምቡሩ ርቀው ከተቀመጡ የፔዳሉ ጉዞ ሁሉ እነርሱን በማስጠጋት ያልቃል። ስምንቱንም ማስተካከያ ጎማው እስኪቆም አጥብቀው ሳይነካ እስኪዞር ድረስ ይመልሷቸው፤ ከዚያ አየር ያስወጡ።

ለፍሬን መስመር የማቀዝቀዣ መዳብ ቱቦ አይጠቀሙ። 4.75 ሚሊ ሜትር የብረት ቱቦ ይሁን፣ አፉም ሁለት ጊዜ የታጠፈ ይሁን፤ አንድ ጊዜ የታጠፈው በንዝረት ይሰነጠቃል። የፍሬን ዘይት በሌለበት የሞተር ዘይት መጨመር የፍሬኑን የውስጥ ጎማዎች (ሲሎችና ቱቦዎች) ሁሉ ያሳብጣል፤ ያኔ ከማስተሩ እስከ ሲሊንደሮቹ ድረስ ያለውን ጎማ ሁሉ መቀየር ግድ ነው።

በአጭሩ የሚባሉ

ብዙዎቹ ኤፍጄ 40ዎች የነዳጅ ታንካቸው በተሳፋሪው መቀመጫ ሥር፣ ጋቢናው ውስጥ ነው። ወለል ከመበየድዎ በፊት አውጥተው ከግቢው ራቅ አድርገው ያስቀምጡት። ባዶ ታንክ ከሙሉው ይበልጥ አደገኛ ነው፤ የሚፈነዳው ትነቱ ነው። የተበሳ ታንክ ራስዎ አይበይዱ።

ከቀለም በኋላ መብራቱ ከደከመና ሞተሪኖው ከሰነፈ ባትሪ አይግዙ። ሻንሲውን የሚነኩት የገመድ ጫፎች በቀለም ተሸፍነዋል፤ እስከ ብረቱ ይፋቁና ያጥብቋቸው። ከባትሪው የሚወጣውን፣ ጭነት ሲበዛ የሚቀልጠውን ገመድ በተራ ሽቦ መተካት ደግሞ መኪናውን እሳት ላይ መተው ነው። ከናፍታዎቹ መካከል 24 ቮልት የሆኑ አሉ፤ አምፖልም ሆነ ሞተሪኖ ከመግዛትዎ በፊት ይለኩ።

የሻንሲው ቁጥር በቀኝ የፊት ሻንሲ ጎን ላይ ተመትቷል። ዝገት ሲያነሱ በግራይንደር አይንኩት፤ በእጅ ብሩሽ አጽድተው ፎቶ ያንሱ፣ ከሊብሬው ጋር ያመሳክሩ፣ ቀለሙንም ቁጥሩ እስኪጠፋ አያወፍሩት። ቁጥሩ የማይነበብ መኪና ዓመታዊ ምርመራ ላይ ይቆማል።

መለዋወጫ ሲጠይቁ «የ40» ማለት አይበቃም። አራት ማርሽ ካምቢዮው፣ 2ኤፍ ሞተሩና የፊት ዲስኩ የገቡት በ1970ዎቹ አጋማሽ በተለያየ ጊዜ ነው፤ የተመረተበትን ዓመትና ወር ይያዙ፣ ከተቻለ አሮጌውን ዕቃ ይዘው ይሂዱ።

ለካምቢዮው ጂኤል-4፣ ለዲፈረንሻሎቹ ጂኤል-5 ዘይት ይጠቀሙ፤ ሁለተኛው የካምቢዮውን የነሐስ ቀለበቶች ሊጎዳ ይችላል። መኪናው መንገድ ከወጣ በኋላ የካምቢዮውንና የትራንስፈሩን (ኃይሉን ለፊትና ለኋላ አክስል የሚያከፋፍለውን) ዘይት አብረው ይለኩ። አንዱ ጎድሎ ሌላው ከሞላ በላይ ከሆነ መሬት ላይ ጠብታ አይፈልጉ፤ በመካከላቸው ያለው ሲል አልቆ ዘይቱ ከአንዱ ወደ ሌላው እየሄደ ነው። የጎደለውን ብቻ እየሞሉ መንዳት ካምቢዮውን ያደርቀዋል፤ ትራንስፈሩ ወርዶ ሲሉ መቀየር አለበት።