ያለ ብየዳ የተሠራ የሞተር ሳይክል ባትሪ ማቀፊያ

የሞተር ሳይክሌ ባትሪ የሚቀመጥበት ብረት ከጎንደር የኮብልስቶን መንገድ ጋር መስማማት አልቻለም፤ ተሰንጥቆ ተበየደ፣ ቆይቶም ከብየዳው ጎን ተሰነጠቀ። ብየዳ ስንጥቁን ቢዘጋም ንዝረቱን አያስቀርም፤ ስለዚህ በብሎን የሚታሰር አዲስ ማቀፊያ ሠራሁ።

ከቅዳሜ ገበያ 2 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው ላሜራ ገዝቼ የባትሪውን ልክ በካርቶን አወጣሁ። ካርቶኑን አትናቁት፤ ላሜራ አንዴ ከተቆረጠ አይመለስም። በሞርሳ ይዤ በመዶሻ አጠፍኩት። እጥፋቱ ክብ ይሁን፤ ስል ማዕዘን ቶሎ ይሰነጠቃል። ፍሬሙን አልበሳሁትም፤ በነበሩት ቀዳዳዎች 6 ሚሊ ሜትር ብሎን፣ ሰፊ ሮንዴላና ውስጡ ፕላስቲክ ያለው፣ በንዝረት በቀላሉ የማይላላ ዳዶ አስገባሁ።

ከሁሉ የሚበልጠው ላስቲኩ ነው። ከአሮጌ ከመነዳሪ (የጎማ የውስጥ ላስቲክ) ቆርጬ ከሥርና ከጎን አነጠፍኩ፤ ከላይም በዚያው ላስቲክ ጥብቅ አድርጌ አሰርኩ። ባትሪው መተንፈሻ ቱቦ ካለው እንዳይታጠፍ ተጠንቀቁ። ሲፈታ ኔጌቲቭ ሽቦው ይቅደም፣ ሲታሰር ይከተል፤ አለበለዚያ የብሎን መፍቻው ፍሬሙን ሲነካ ብልጭታውን ታያላችሁ።

አሁን አዘዞ ደርሼ ስመለስ ባትሪው ንቅንቅ አይልም። ማቀፊያው ቀለም ይቀረዋል፤ ክረምቱ ሳይገባ እቀባዋለሁ።