ጋላክሲና የአስትሮይድ ብናኝ በአንድ ምሽት፦ ለልጆች እንዴት ማሳየት ይቻላል?

የሰፈሬን ልጆች ሰብስቤ ስለ ጋላክሲ፣ ማለትም በቢሊዮን ስለሚቆጠሩ ኮከቦች ስብስብ፣ ለማስተማር ስነሳ የመጀመሪያው ስህተቴ ፎቶ ማሳየቴ ነበር። ሰማያዊና ሐምራዊ ክንዶቿን የዘረጋችውን አንድሮሜዳ የተባለችውን ጋላክሲ በኮምፒውተር አሳየኋቸው፤ በማግስቱም ከደሴ ወደ ሐይቅ ይዣቸው ወረድኩ። ከብዙ ፍለጋ በኋላ ሰማይ ላይ ያገኙት ግን ጣት ያሻሸው የሚመስል ግራጫ ጠብታ ሆነ። አንዲት የሰባት ዓመት ልጅ ቀና ብላ አየችኝና «ጋሼ፣ ይቺው ናት?» አለችኝ። በድምፅዋ ውስጥ የነበረው ቅሬታ እስካሁን አይረሳኝም። ከዚያ ወዲህ ቅደም ተከተሉን ገልብጬዋለሁ፤ መጀመሪያ ዓይን፣ ቀጥሎ ቁጥር፣ ፎቶ በማግስቱ።

ቀኑን መምረጥ

ክረምቱ ወጥቶ ሰማዩ መጥራት የሚጀምረው ከመስከረም መጨረሻ ወዲህ ነው። ለልጆች ግን ከኅዳር አጋማሽ እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ ያለውን ጊዜ እመርጣለሁ፤ አንድሮሜዳ እንቅልፍ ሳይጥላቸው ከፍ ትላለችና። ኅዳር አጋማሽ ላይ ከምሽቱ 3 ሰዓት ገደማ፣ ታኅሣሥ መግቢያ ላይ ደግሞ 2 ሰዓት ገደማ ከሁሉም ከፍ ወዳለው ቦታዋ ትደርሳለች። በተጨማሪም በየዓመቱ ታኅሣሥ 4 እና 5 አካባቢ ጀሚኒድ የሚባለው የተወርዋሪ ኮከቦች ዝናብ ይበረታል። ጨረቃ ካልከለከለች ሁለቱም በአንድ ምሽት ይገኛሉ።

የጨረቃን ነገር ለማወቅ ስልክ አያስፈልግም። ወሎ ውስጥ የሒጅራን ቀን የሚያውቅ ጎረቤት አይጠፋም። ወሩ የሚገባው በአዲስ ጨረቃ ስለሆነ፣ ከ20ኛው ቀን ጀምሮ እስከ ቀጣዩ ወር 3ኛ ቀን ድረስ ያለው ምሽት ጨለማ ነው። በ14ኛውና በ15ኛው ቀን ጨረቃዋ ሙሉ ስለሆነች ልጆቹን አታድክሙ።

ቦታ፣ ልብስና መሣሪያ

ከከተማ መብራት ራቁ፤ ወደ ሰሜን ገላጣ የሆነ ሜዳ ይበቃል። ሰሌን ለመተኛት፣ ጋቢ ለብርዱ፣ ሻይ በፔርሙዝ። የታኅሣሥ ብርድ ልጅን ከእንቅልፍ በፊት ያሸንፈዋል።

ስለ ቴሌስኮፕ ግን አንድ ነገር ልናገር። ካርቶኑ ላይ «525 ጊዜ ያጎላል» የሚል የልጆች ቴሌስኮፕ ገዝቼ ነበር። እግሩ በትንሽ ነፋስ ይንቀጠቀጣል፣ የሚያሳየው የሰማይ ክፍል ከመርፌ ቀዳዳ አይሰፋም፣ አንድ ምሽት ሙሉ ምንም አላሳየንም። አንድሮሜዳን ለማየት የሚያስፈልገው ብርሃን መሰብሰብ እንጂ ብዙ ማጉላት አይደለም። በእጅ የሚያዝ 7 በ50 ወይም 10 በ50 የሚባለው ባለ ሁለት ዓይን የርቀት መነጽር ከእንዲህ ያለው ቴሌስኮፕ በብዙ ይሻላል። እሱም ከሌለ ባዶ ዓይን ይበቃል፤ እኔ ለመጀመሪያው ምሽት ባዶ ዓይንን እመርጣለሁ።

ዓይንን ጨለማ ማስለመድ

ልጆቹ ቢያንስ 20 ደቂቃ ምንም ብርሃን ሳያዩ ይቆዩ። የምጀምረው ከኢሻ አዛን በኋላ ነው፤ የኢሻ ሶላት ጊዜ የሚገባው የምዕራቡ ቅላት ሲጠፋ ስለሆነ፣ አዛኑ ሰማዩ በትክክል መጨለሙን ይነግረናል። ስልክ በኪስ ይቆይ። አንድ ሰው ለአንድ ሰከንድ የስልኩን መብራት ካበራ የሁሉም ዓይን ወደ መነሻው ይመለሳል። የግድ መብራት ካስፈለገ የእጅ ባትሪውን በቀይ ፌስታል ደጋግማችሁ ጠቅልሉት፤ ደብዛዛ ቀይ ብርሃን የለመደውን ዓይን ብዙም አይረብሸውም።

«ጠ»ን መፈለግ

እኔን ከሁሉ በላይ ያደከመኝ ይህ ነው። አንድሮሜዳን የምታሳየን ካሲዮፔያ የምትባለው የአምስት ደማቅ ኮከቦች ስብስብ ናት። መጻሕፍቱ ሁሉ የእንግሊዝኛውን ደብልዩ ትመስላለች ይላሉ፤ እኔም ለልጆቹ እንዲቀል ብዬ «ንጉሡን ሠ ፈልጉ» አልኳቸው። እኔም እነሱም ሁለት ምሽት ሙሉ ሠን ፈልገን አጣን። ኮከቦቹ ግን ፊት ለፊታችን ነበሩ። ካሲዮፔያ ያለችው ኮከቦች ሁሉ ሲዞሩባት በሚመስሉት የሰማይ ነጥብ፣ በሰሜን ዋልታ አቅራቢያ ነው። ወሎ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለሆነ የሰሜን ዋልታ ለእኛ ከአድማሱ ብዙም ከፍ አይልም። ስለዚህ ካሲዮፔያ ከዋልታው በታች ስትሆን ከአድማስ ሥር ተደብቃ ታልፋለች፤ ከፍ ብላ የምናያት ከዋልታው በላይ ስትሆን ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ተገልብጣ ነው። የተገለበጠች ሠ ማለት ጠ ናት። በሦስተኛው ምሽት «ጠን ፈልጉ» ስላቸው አንድ ደቂቃ አልፈጀባቸውም።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። ፀሐይ የጠለቀችበትን አቅጣጫ ወደ ግራ እጃችሁ አድርጋችሁ ቁሙ፤ ፊታችሁ ወደ ሰሜን ሆነ። ከአድማሱ ከፍ ብሎ፣ እስከ ጭንቅላታችሁ አናት ካለው መንገድ ግማሹን ሳይሞላ ጠ አለች። ከላይ ካሉት ሁለት ጫፎቿ የግራው ይበልጥ ሹል ነው። ጫፉ ላይ ያለው ኮከብ ሸደር ይባላል፤ ስሙ ደረት ማለት ከሆነው የዐረብኛ ቃል የመጣ ነው። ክንዳችሁን ዘርግታችሁ ጡጫችሁን ከሸደር በላይ አስቀምጡ፤ ከአንድ ጡጫ ተኩል ከፍ ብሎ አንድሮሜዳ አለች። የልጅ ጡጫ ትንሽ ቢሆንም ክንዱም አጭር ስለሆነ ልኬቱ አይዛባም። በጥቅምት ገና እንደመሸ ከወጣችሁ ግን ጠ በሰሜን ምሥራቅ በጎኗ ተኝታ ስለምትገኝ፣ ልኬቱን ወደ ላይ ሳይሆን ጫፎቿ ወደሚያመለክቱበት ወደ ቀኝ ውሰዱ።

አሁንም ላትታይ ትችላለች፤ ምክንያቱ ትኩር ብለን ማየታችን ነው። የዓይናችን መሃል ቀለምና ዝርዝር ይለያል እንጂ ደብዛዛ ብርሃንን አይዝም፤ ደብዛዛውን የሚይዙት ህዋሳት ዳር ዳሩን ናቸው። ልጆቹ ቦታውን ካገኙ በኋላ ዓይናቸውን ትንሽ ወደ ጎን እንዲያዞሩና ልባቸውን ግን እዚያው እንዲተዉ ንገሯቸው። ጎን ሲያዩ ብቅ ትላለች፣ ቀጥ ብለው ሲያዩ ትጠፋለች። ይህን ጨዋታ ይወዱታል። አንዱ «መጣች! ሄደች!» ካለ በትክክል አይቷታል።

ያዩት ምን እንደሆነ

አሁን ቁጥሩን ንገሯቸው። በዚያ ምሽት አንድ በአንድ የሚያዩዋቸው ኮከቦች በሙሉ የእኛው ቤት የፍኖተ ሐሊብ ልጆች ናቸው። ፍኖተ ሐሊብ ከ100 ቢሊዮን በላይ ኮከቦች ያሉባት፣ ስፋቷ 100,000 የብርሃን ዓመት ገደማ የሆነ ጋላክሲ ናት፤ የብርሃን ዓመት ማለት ብርሃን በአንድ ዓመት የሚጓዘው ርቀት ነው። አንድሮሜዳ ግን ሌላ ቤት ናት። ከደላንታ ጫፍ ላይ ሆኖ ከበሽሎ ሸለቆ ማዶ ያለ መንደር ሲያዩት ኩራዞቹ ተለይተው አይታዩም፤ ጭላንጭል ብቻ ነው። እዚህም እንደዚያው ነው።

ርቀቷ 2.5 ሚሊዮን የብርሃን ዓመት ገደማ ነው። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር ያህል ይጓዛል፤ ከፀሐይ እኛ ዘንድ ለመድረስ 8 ደቂቃ ከ20 ሰከንድ ገደማ ይበቃዋል። ከአንድሮሜዳ የተነሳው ግን በዚያ ምሽት ዓይናቸው ውስጥ የገባው ጉዞውን ከጀመረ 2.5 ሚሊዮን ዓመት ሆኖታል። ለልጅ ይህ ቁጥር ባዶ ነው፤ ስለዚህ እጃችሁን ወደ ምሥራቅ፣ ወደ አፋር ቆላ ዘርጉና ስለ ጎና ንገሯቸው። እዚያ የተገኙት ጥንታዊ የድንጋይ መሣሪያዎች ዕድሜያቸው 2.6 ሚሊዮን ዓመት ገደማ ነው። ብርሃኑ ከዚያ ሲነሳ እዚህ ማዶ ድንጋይ የሚጠርቡ ነበሩ።

ይህችን ጭላንጭል የፋርሱ ሊቅ አብዱረህማን አስ-ሱፊ እ.ኤ.አ. በ964 ትንሽ ደመና ብሎ መዝግቧታል። ሌላ ጋላክሲ መሆኗ የተረጋገጠው ግን ከ950 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። ኤድዊን ሀብል እ.ኤ.አ. በ1923 ካሊፎርኒያ በሚገኘው በማውንት ዊልሰን የኮከብ መመልከቻ ሆኖ፣ እየደመቀ እየደበዘዘ የሚሄድ አንድ ኮከብ በውስጧ አገኘና ርቀቷን ለካ። የዚህ ዓይነት ኮከቦች ሴፊድ ይባላሉ፤ ስማቸው ከሴፌውስ የመጣ ነው። በግሪኮች ተረት ሴፌውስ የኢትዮጵያ ንጉሥ፣ ካሲዮፔያ ንግሥቲቱ፣ አንድሮሜዳ ልጃቸው ናት። ይህን ስነግራቸው ልጆቹ ጋቢያቸውን ጥለው ይነሳሉ።

ጤፍ ይዞ ስለ አስትሮይድ

አስትሮይዶች በአብዛኛው በማርስና በጁፒተር መካከል ፀሐይን የሚዞሩ ድንጋዮች ናቸው። በሥዕል የሚታየውን ድንጋይ በድንጋይ የሆነ ቀበቶ አታሳዩ። እኔ አንድ ጊዜ መሬት ላይ ጠጠር በጠጠር አድርጌ ሠራሁትና አንድ ልጅ መንኮራኩሮች ሁሉ እዚያ ይሰባበራሉ ብሎ አምኖ ሄደ። ሐሳቡን ለማስለቀቅ ወራት ፈጀብኝ።

አሁን ሁለት የጤፍ ፍሬ እይዛለሁ። አንዱን ፍሬ 1 ኪሎ ሜትር ስፋት ያለው አስትሮይድ እናድርገው። ሁለተኛው የት መቀመጥ አለበት? በአስትሮይዶች መካከል በአማካይ ወደ አንድ ሚሊዮን ኪሎ ሜትር ስለሚርቅ፣ በዚህ ልክ ሁለተኛው ጤፍ የሚቀመጠው አንድ ኪሎ ሜትር ሄዶ ነው። ልጁን ጤፉን አስይዛችሁ አስኪዱት፤ ሲደክመው ይገባዋል። በዚሁ ልክ ጁሴፔ ፒያዚ ጥር 1 ቀን 1801 እ.ኤ.አ. ያገኘው ሴሬስ፣ በቀበቶው ካሉት ሁሉ ትልቁ፣ አንድ ሜትር አይሞላም፤ ምድር ግን 13 ሜትር ገደማ ትሆናለች።

«ይመታናል ወይ?» ብለው መጠየቃቸው አይቀርም። በ2015 ዓ.ም. የደመራ ሌሊት የአሜሪካው ናሳ ዳርት የተባለች መንኮራኩር ሆን ብሎ ዲሞርፎስ ከተባለ ትንሽ አስትሮይድ ጋር አላትሞ፣ ዲሞርፎስ ጓደኛውን የሚዞርበትን ጊዜ በ32 ደቂቃ ገደማ እንዳሳጠረ ንገሯቸው። አቅጣጫ ማስቀየር እንደሚቻል በተግባር የታየው ያን ጊዜ ነው።

ተወርዋሪዎችን መቁጠር

የጀሚኒድ ተወርዋሪዎች የሚመጡት ፋኤቶን ከተባለ፣ 5 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት ካለው አስትሮይድ ብናኝ ነው። አብዛኛው የተወርዋሪ ዝናብ የጅራታም ኮከብ ብናኝ ስለሆነ ይህኛው የተለየ ነው። መነሻቸው የሚመስለው ጀሚኒ የተባለው የኮከቦች ስብስብ፣ በአገራችን አጠራር ገውዝ፣ በምሥራቅ በኩል ነው፤ ከምሽቱ 4 ሰዓት ጀምሮ ሰማዩን በሙሉ እያዩ ተኙ። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ አቅጣጫ ስጡና በየተወርዋሪው አንድ ሰረዝ ደብተር ላይ ያስምር።

በማግስቱ ፎቶውን አሳዩ። በዓይናቸው ያዩት የአንድሮሜዳን እምብርት ብቻ እንደነበር፣ ሙሉ አካሏ ግን ሰማይ ላይ ስድስት ሙሉ ጨረቃ ጎን ለጎን ቢደረደር የሚያህል እንደሆነ ንገሯቸው። ያቺ ልጅ በሚቀጥለው ዓመት ፎቶውን ስታይ ጣቷን በመሃሉ ላይ አድርጋ «እኔ ያየሁት ይህን ነው» አለችኝ።